ሁለተኛው ዘንግ

ቀጭ አለ።

ድምፁ የመጣው ከመኝታ ቤቱ ነው። ትንሽ ድምፅ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሰማው ክብሪት ተሰበረ ብሎ ሻዩን መጠጣቱን ይቀጥል ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ብርጭቆውን ከከንፈሩ እንዳስጠጋ ደርቆ ቀረ። ይህን ድምፅ ያውቀዋል። የሰዓት መሙያ ዘንግ ሲሰበር እንዲህ ነው የሚለው፤ አንዴ፣ ደረቅ ብሎ፣ ለይቅርታ ጊዜ ሳይሰጥ።

መሰበሩ አልነበረም ያስደነገጠው። የሰፈሩ ሰው ሱሪ ለማሳጠር ሲመጣ የቆመ ሰዓቱንም በዚያው ኪሱ ከትቶ ይመጣል፤ የተሰበረ ዘንግ ለሱ ብርቁ አይደለም። ግራ የገባው ሌላ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ የሚሞላ ሰዓት ማን አለው? የሱ እጁ ላይ ናት። የሚስቱ ደግሞ ሲጋቡ እሱ ራሱ የገዛላት፣ በባትሪ የምትሄድ፣ መሙያ የማትፈልግ ናት። ታዲያ ይሄ ዘንግ ከየት መጥቶ ተሰበረ?

ሚስቱ ነጭ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ አንድ እጇን ጨብጣ ወጣች። ነርስ ናት። ፊቱ ቆማ ጭብጧን ከፈተች።

«ትሠራልኛለህ?» አለችው።

መዳፏ ላይ አንድ አሮጌ የእጅ ሰዓትና ተነቅላ የወጣች፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትተልቅ መሙያው ነበሩ። የሰዓቱ ፊት ሰፊ ነው። የቆዳ ማሰሪያው አርጅቶ ተጣጥፏል፤ ከቀዳዳዎቹ ሁሉ ተለጥጦ የሰፋው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ለሷ አንጓ ሳይሆን ለወፍራም ክንድ የሚሆነው።

«የማን ነው?»

«የኔ።»

«የወንድ ሰዓት እኮ ነው።»

«ሰዓት ደግሞ ወንድና ሴት አለው እንዴ?»

«እስከ ዛሬ የት ነበር?»

«መሳቢያዬ ውስጥ።»

«ይሠራ ነበር?»

«ጠዋት ጠዋት እሞላዋለሁ።» ቦርሳዋን አነሳች። ከበሩ ስትደርስ ዞር አለች። «አትጠይቀኝ እሺ? ቃል ገብተህልኛል።»

አዎ፣ ገብቶላታል። ከሰርጋቸው በፊት አንድ ቀን ዝናብ አንድ በረንዳ ሥር አቁሟቸው ሳለ፣ «ካንተ በፊት አንድ ሰው ነበር፤ ሞተ። ከዚህ በላይ ምንም አትጠይቀኝ» ብላው ነበር። እሱም ፍቅር ላይ ያለ ሰው እንደመሆኑ ያልተጠየቀውን ጨምሮ፣ «ዕድሜዬን በሙሉ አልጠይቅሽም» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያን ጊዜ የሞተው ሰው ጠዋት ጠዋት የሚሞላ ሰዓት ይኖረዋል ብሎ ማን አስቦ?

ሻዩ ቀዘቀዘ። ልብስ ሰፊው ሰዓቱን ይዞ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል አለፈ። ሱቁ ቤቱ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲህ ስፌት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ትዳር። የስፌት መኪናው በመስኮቱ በኩል ቆሟል፤ ከጎኑ ደግሞ ለሰዓት ብቻ የምትሆን ጠባብ ጠረጴዛ አለችው። ማንም አላስተማረውም። ልጅ እያለ አንድ የተጣለ የጠረጴዛ ሰዓት አግኝቶ ፈታው፤ ሲገጥመው አንዲት ጥርሳም መዘውር ተረፈችው፤ የሚገርመው ሰዓቱ ያለሷም ሄደ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ነው። ማታ ማታ ነጭ ጨርቅ ጭኑ ላይ ያነጥፋል፣ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ይሰካል፣ ሚስቱ መብራት ትይዝለታለች። እሱም እየሠራ ይሰብክላታል። «አየሽ፣ ዘንግ ሲገዛ ሁሌም ረጅም ሆኖ ነው የሚመጣው። ለዚህ ሰዓት ይህን ያህል፣ ለዚያ ሰዓት ያን ያህል እያልሽ በልኩ ትቆርጪዋለሽ። ትንሽ ትንሽ። አጭር ዘንግ የሚባል ነገር የለም፤ ያሳጠረው ሰው ነው ያለው።» እሷም «እሺ መምህር» እያለች ትስቃለች። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ በዚህ ጠባዩ «ሚሊሜትር» የሚል ስም አውጥቶለታል።

ቁራጭ መጣልም አይወድም። የጨርቅ ቁራጭ፣ የክር ቁራጭ፣ የብረት ቁራጭ፣ ሁሉም ቦታ አለው።

ማጉያውን አደረገ፤ ሰዓቱን ግን ቶሎ አልከፈተም። ቁጭ ብሎ ያየው ጀመር። እሱ የገዛላት ሰዓት ከሷ ምንም አይፈልግም፤ ብትወደውም ባትወደውም ይሄዳል፤ ባትሪው ሲደክም የሚለውጠው እሱ ነው። ይሄኛው ግን በየማለዳው ጣቷን ይጠይቃል። እሱ ሻይ ሲያፈላ፣ እሱ መኪናውን ዘይት ሲቀባ፣ እሷ በሩን ዘግታ ይህችን ምስር የምታክል ራስ በሁለት ጣቷ ይዛ ታዞራታለች። ቀስ እያለች። እስክትጠነክር። ከዚያ ጆሮዋ ላይ ታደርገዋለች። ጆሮዋ ላይ እንደምታደርገው ማንም አልነገረውም፤ ግን ያውቃል።

«ሚሊሜትር! ዛሬ ደግሞ የማንን ነፍስ ልትመልስ ነው?»

ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ደንበኛ ሲጠፋ መቀሱን በኪሱ እንደያዘ ይመጣል።

«የሚስቴን ሰዓት።»

«ውይ! ተጠንቀቅ። የደንበኛ ብታበላሽ ይቅርታ ትላለህ፤ የሚስት ብታበላሽ እኔ ወንበር ላይ ታድራለህ።» አንገቱን አሰግጎ አየ። «ቆይ፣ ይሄ የወንድ አይደል እንዴ?»

«ሰዓት ወንድና ሴት የለውም» አለ ልብስ ሰፊው። የሚስቱን ቃል ወስዶ ሲናገረው እንደ ሰው ጫማ ጠበበው።

«እኔ ምን አገባኝ? ጢም እንጂ ነገር አልቆርጥም» አለና ወጣ፤ ከደጅ ሆኖ ግን፣ «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች፤ እንዳትሆን ብቻ!» ሲል ተሰማ።

ክዳኑን ከፈተ። ከውስጠኛው ገጽ ላይ ትንንሽ ዓሦች ተሰልፈው አገኘ።

እውነተኛ ሰዓት ሠሪዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ አንድን ሰዓት አጽድተው ዘይት ሲቀቡ ከክዳኑ ውስጥ በመርፌ ጫፍ ምልክታቸውን ይጭራሉ። አንዱ ፊደል፣ አንዱ መስቀለኛ ጭረት፣ ይሄኛው ዓሣ። ልብስ ሰፊው ምልክት የለውም። እኔ ማን ነኝና ብሎ ጭሮ አያውቅም። ዓሦቹ አንዱ ከአንዱ ሥር፣ በአንድ እጅ የተሳሉ ናቸው። የላይኞቹ ጠቁረዋል። የታችኞቹ ግን ገና ያብለጨልጫሉ፤ አዲስ ጭረት የሚያብለጨልጨው ጥቂት ዘመን ነው። ይህ ማለት ሰዓቱ ከተጋቡ ወዲህም ከሌላ ሰው እጅ ገብቶ ወጥቷል። ቤቷ ውስጥ ሰዓት የሚሠራ ባል ቁጭ ብሎ፣ ሚስቱ ሰዓቷን ተሸክማ ከተማ አቋርጣ ሄዳለች። ደጋግማም ሄዳለች።

የሞተ ሰው ዓሣ አይጭርም። ይሄ በሕይወት ያለ ሰው ነው።

ቢሆንም እጁ ልማዱን አልረሳም። ዘንጉን የያዘችውን ትንሽ ብሎን አንድ ዙር ብቻ ለቀቃት፤ ሁለተኛ ዙር የጨመረ ሰው የሰዓቱን ፊት በሙሉ ሊፈታ ነው። ውስጥ የቀረውን ስባሪ በወረንጦ አወጣ። ስባሪውን፣ መሙያውንና ክዳኑን በወረቀት ጠቅልሎ ሱቁን ዘጋ። ለዘንግ ክዳን አያስፈልግም። ሰው የጨነቀው ጊዜ ግን የሚያስፈልገውን መች ይለያል?

ከተማ ወርዶ የጠየቀው የመጀመሪያው ሰዓት ሠሪ ምልክቱን ገና ሲያይ፣ «ዓሣው? ከደረጃው ሥር ሂድ» አለው።

ከደረጃው ሥር ያለችው ሱቅ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ትንፋሹን ይዞ የሚቆምባት ናት። ሰዓት ሠሪው ሽማግሌ ቢሆን ምናለ ብሎ ጸልዮ ነበር፤ አልሆነም። የሱ እኩያ ነው። ቀጭን፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጥፍሩ ንጹሕ። ልብስ ሰፊው ሳያስበው የገዛ ጣቶቹን ወደ መዳፉ አጠፈ፤ መርፌ የበሳሳቸው ናቸው።

«ምን ልርዳህ ወንድሜ?»

«ዘንግ ፈልጌ ነው።» ወረቀቱን ዘረጋ።

ሰውየው ስባሪውን አንስቶ አየ፤ ከዚያ ክዳኑን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እሱን አየ።

«ባሏ ነህ» አለ። እየጠየቀው አልነበረም።

ልብስ ሰፊው ክዳኑን በጣቱ ነካ። «ዓሣው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ከየት ነው የምታውቃት?»

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ከዓይኑ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ሰዓቱ የወንድሜ ነበር። የታላቄ። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አልነገረችህም?»

«ነግራኛለች እንጂ» ብሎ ዋሸ።

«እሱ ሲያልፍ እናታችን ለሷ ይሰጥ አለች፤ ሰጠናት። ለዘይት ታመጣዋለች። ብዙ ወሬ የለንም፤ ሰላም ብላ ታስቀምጣለች፣ ሰላም ብላ ትወስዳለች። ዘንድሮ ስትቀር ምን ሆነች እያልኩ ነበር።» መሳቢያ ስቦ ሳያመነታ አንዲት ትንሽ ወረቀት አወጣ። «አንተም ሰዓት ትሞክራለህ ብላኛለች።»

«እሞክራለሁ?»

«ትነካካለህ መሰለኝ ያለችው። ጎበዝ ነው ብላለች ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር።» ፈገግ አለ። «ዛሬ ላንተ ከሰጠችህ፣ እንግዲህ ታምንሃለች ማለት ነው። ደስ ይላል።»

ሰውየው ይህን ሲል ክፋት አልነበረውም፤ ሌላ ቀን ቢሆን ልብስ ሰፊው ቃሉን እንደ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ሰክቶ በሰፈሩ ሁለቴ ይዞርበት ነበር። ዛሬ ግን ጆሮው የያዘው «ትነካካለህ» የምትለዋን ብቻ ነው።

«ሁለት ውሰድ» አለው ሰዓት ሠሪው፣ ሁለት ዘንግ በአንድ ወረቀት እየጠቀለለ። «ጀማሪ የመጀመሪያውን ሳያሳጥረው አይቀርም።»

«ጀማሪ አይደለሁም።»

«እሺ፣ ለክፉ ቀን ይሁንህ። ሂሳብ የለውም፤ የወንድሜ ነው።»

ወደ ቤቱ ሲመለስ ከራሱ ጋር እየተሟገተ ነው። ለሞተ ሰው አይቀናም፤ ይህን ማንም ያውቃል። ግን እስቲ ልብ አድርጎ ያሰበው ሰው አለ? በሕይወት ያለ ተቀናቃኝ ያረጃል። ይወፍራል፣ ጥርሱ ይወልቃል፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይገኝና ሚስት፣ ‹ለዚህ ነው እንዴ ያለቀስኩት?› ትላለች። የሞተው ግን ባለበት ነው። አይነጫነጭም፣ ካልሲውን በየቦታው አይጥልም፣ አያንኮራፋም። ልብስ ሰፊው ፀጉሩ ከግንባሩ መሸሽ ጀምሯል፤ የዚያ ሰውዬ ፀጉር ግን እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ጥቅጥቅ ደን ነው። ክንዱም ወፍራም ነበር። ማሰሪያው ይመሰክራል።

ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ጨርቁን አነጠፈ። አንደኛውን ዘንግ ከነወረቀቱ መርፌ መሰኪያው ሥር አኖረ። መሙያዋ ላይ የቀረውን ስባሪ ነቅሎ ከሌላው ጋር ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ አዲሱን ጎናቸው አስተኛ፤ ለካ፤ ደግሞ ለካ፤ በፒንሳ ቆረጠ፤ ጫፉን በሞረድ ዳበሰ፤ መሙያዋን ጠመዘዘበት። ሰዓቱ ውስጥ ሲከተው ‹ጥቅ› ብሎ ቦታው ገባ። ብሎኗን አጠበቀ። ከመሙያዋና ከሰዓቱ ጎን መካከል አንድ ፀጉር የምታልፍበት ክፍተት ቀረች፤ ልክ መሆን እንዳለበት። እንዲህ አምሮ የተቆረጠ ዘንግ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተሠርቶ አያውቅም።

ጥቂት አዞረው። ሰዓቱ ነቃ።

ጆሮው ላይ አደረገው። ቲክ ቲክ ቲክ፤ ፈጣንና ቀጭን፣ በጆሮ እንደሚነገር ምስጢር። እሷ በየማለዳው የምትሰማው ይህን ነበር። ነገ ጠዋትም ልትሰማው ነው። በሩ ይዘጋል፣ ጣቶቿ ያዞሩታል፣ እሱ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኖ ያውቃል። የሞተውን ሰው ልብ አስነስቶ ለሚስቱ የሚያስረክበው እሱ! በገዛ እጁ! ቆንጆ አድርጎ! ያ ባለ ንጹሕ ጥፍርም አንድ ቀን ከፍቶ አይቶ፣ «ጎሽ፣ አላሳጠረውም» ይል ይሆናል።

ብሎኗን አንድ ዙር ለቀቀ። ዘንጉን አወጣው። እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ኋላ ሲያስበው ያስፈራው ይሄ ነው። ፒንሳውን አነሳና የመርፌ ዓይን የምታህል ቆረጠለት። ቁራጯ ጨርቁ ላይ ወደቀች።

መልሶ ሲገጥመው መሙያዋ የሰዓቱን ጎን ቶሎ ነካች፤ ዘንጉ ግን ቦታው አልደረሰም። ቢያዞሯት ትዞራለች፤ አትነክስም። ድድ ብቻ እንደቀረው አፍ።

ቀድሞ ጥቂት ሞልቶት ስለነበር ሰዓቱ ቶሎ አልቆመም። ቲክ ቲክ ማለቱን ቀጠለ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን እየረገጠ፣ ማንም ያላዘዘውን ትራስ ልብስ ሰፋ፤ መኪናው ሲጮህ የሰዓቱ ድምፅ አይሰማም፣ ክር ተበጥሶ መኪናው ሲቆም ይሰማል። «አንተ ሰው፣ ለሠራዊት ነው እንዴ ትራሱ?» አለው ፀጉር አስተካካዩ በመስኮት። ፀሐይ ከመስኮቱ ወርዳ ግድግዳው ሥር ስትደርስ ክር ተበጠሰ፤ ዝም ብሎ አዳመጠ። ምንም የለም። ቆሟል። ደስ ይለኛል ብሎ ነበር። እንዲያውም የራሱ የእጅ ሰዓት ድምፅ ጎልቶ ይሰማው ጀመር።

ሚስቱ ገና ሳይጨልም ገባች፤ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ።

«ተሠራ?»

«እንጃ፣ እምቢ አለ» አለ፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ። «ያረጀ ነው፣ ዕቃው እንደ ልብ አይገኝም። ዘንጉ አጭር ሆኖ መጣ።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ስህተቱን አወቀው። ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች።

«አጭር ሆኖ መጣ?» አለች፣ በጣም በዝግታ።

«አዎ፣ አንዳንዴ…»

«እስቲ ተነሳ።»

ተነሳ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ማጉያውን አነሳች፤ ዓይኗ ላይ ስትሰካው መብራት እየያዘች ስንት ማታ እንዳየችው ያስታውቃል። ካቻቪቴውን ይዛ ብሎኗን አንድ ዙር ለቀቀች፤ አንድ ብቻ። ዘንጉን ሳበችው። ሁለቱ ስባሪዎች ጨርቁ ላይ እንዳሉ ናቸው፤ ጫፍ ለጫፍ ገጠመቻቸውና አዲሱን ጎናቸው አስተኛችው። ሙቀት መለኪያ እንደሚያነብ ሰው ጎንበስ ብላ አየች።

ከጎኑ ቁራጮቹ አሉ። አንዷ ረዘም ያለች፣ ማንኛውም አዲስ ዘንግ የሚጥላት። አንዷ የመርፌ ዓይን የምታህል። ያ ቁራጭ መጣል የማይወድ እጁ እንደ ልማዱ ጎን ለጎን አሰልፎ አኑሯቸዋል። ሚስቱ ትንሿን በወረንጦ አንስታ ከአጭሩ ዘንግ ጫፍ አገናኘቻት። ከስባሪዎቹ ጋር እኩል ሆነ።

ከዚያ የወረቀት ጫፍ ከሥሩ ብቅ ያለበትን መርፌ መሰኪያ ገለጥ አደረገች። ወረቀቱን ዘረጋች። ሁለተኛው ዘንግ ረጅም፣ ያልተነካ፣ አንጸባራቂ ሆኖ ተኝቷል።

«ከዓሣው ነው ያመጣኸው?» አለች።

«አዎ።»

«ምን አለህ?»

ሌላ ነገር ሊላት ፈልጎ ነበር። አሁንም ይቻላል፣ አንዱ ዘንግ ገና አለ፣ በአንድ ትንፋሽ እሠራዋለሁ ሊላት ፈልጎ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ታምንሃለች አለኝ።»

ማጉያውን ከዓይኗ አወረደች። ዙሪያውን ቀይ ክብ ቀርቶባት ነበር። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችምም፤ ብትቆጣው ምን ያህል በወደደ! ሰዓቱን፣ ክዳኑን፣ መሙያውን፣ ሁለተኛውን ዘንግ ከነወረቀቱ በመሐረቧ ቋጠረች። አጭሩንና ቁራጮቹን ተወቻቸው።

«ቆይ፣ አሁን እገጥመዋለሁ» አለ። «በልኩ። እዚሁ ዓይንሽ እያየ። አንቺ መብራቱን ትይዢልኛለሽ።»

ተነሳች፤ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች። እሱ የገዛላት ሰዓት ክንዷ ላይ ነበረች፤ አየት አደረገቻት፣ ሱቅ እንዳይዘጋበት እንደሚያይ ሰው። ቦርሳዋን አነሳች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

በሩን ከፈተች።

«ሲስተር!» የሚለው የፀጉር አስተካካዩ ድምፅ ከደጅ ተሰማ። «ሰዓቱ ዳነልሽ?»

ጫማዋ ብቻ ተሰማ፤ በመጀመሪያ ድንጋዩ ላይ፣ ከዚያ አስፋልቱ ላይ፣ ከዚያ ከሌሎች ሰዎች ጫማ ጋር ተቀላቅሎ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ በተከፈተው በር በኩል ቆሞ ያዳምጥ ነበር።